ከሕፃናት ጋር እየዋሉ ዲግሪ መማር፦ ለጅማ የኬጂ መምህራንና ሞግዚቶች

ጅማ ውስጥ ከሕፃናት ጋር የሚውል ሰው ብዙ ነው። ፈረንጅ አራዳና መርካቶ አካባቢ ባሉ የግል ኬጂዎች፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ በሚገኙ ኦ ክፍሎች (ከአንደኛ ክፍል በፊት ባሉ የዝግጅት ክፍሎች)፣ የኦሮሚያ ክልል ቡኡራ ቦሩ ብሎ በከፈታቸው የቅድመ አንደኛ ትምህርት ቤቶች፣ በሕፃናት ማቆያዎች፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን በር ላይ ቆማ ልጅ ከእናቱ እጅ የምትቀበል ሴት አለች። (ወንድም አለ፤ ፈልጎ ማግኘት ግን ይጠይቃል።) አንዷ ሰርተፍኬት አላት፣ ሌላዋ ዲፕሎማ፣ ሌላዋ ደግሞ በሞግዚትነት ገብታ እየቆየች ክፍል የተሰጣት ናት። ሻይ ሰዓት ላይ ከሚያነሷቸው ወሬዎች አንዱ ይሄ ነው፦ ሥራ ሳይለቁ ዲግሪ እንዴት ይያዛል?

መያዙስ ይያዛል። አስቸጋሪው ነገር እየሠሩ መማር ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው ቀን ሠርቶ ማታ መማር ነው፤ ሥራው ገንዘቡን ያመጣል፣ ትምህርቱ ሌላ ዓለም ነው፣ ሁለቱ አይተዋወቁም። ቀን ሠላሳ ሕፃን ይዛ የዋለች መምህርት ማታ አካውንቲንግ ትማራለች። ነውር የለውም፤ ከሙያው መውጣት ለምትፈልግ ሰው ትክክለኛ መንገድ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሥራው ራሱ የትምህርቱ አካል የሚሆንበት ነው። መምህርቷ ክፍሏ ውስጥ ያየችው ነገር አሳይመንት ይሆናል፤ አሳይመንቱ ደግሞ ተመልሶ ነገ ጠዋት ክፍሏ ውስጥ የምታደርገውን ይለውጣል። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው። እንደማየው ከሆነ ብዙ ሰው የሁለተኛውን ዋጋ ከፍሎ አንደኛውን ይዞ ይመለሳል። የተመዘገበችበት መስክ የሕፃናት ትምህርት ሆኖ እንኳ ሞጁሉ ለብቻው፣ ክፍሉም ለብቻው ሆኖ አራት ዓመት ያልቃል።

ሐሳቡ ከየት መጣ

እንግሊዞች ይህን ዓይነቱን ትምህርት በሥርዓት አደራጅተውታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች የተቀበለው ፋውንዴሽን ዲግሪ የሚሉት መርሐ ግብር ከአሠሪዎች ጋር ተመክሮበት የተቀረጸ፣ በሙሉ ጊዜ ለሚማር ሁለት ዓመት የሚፈጅ፣ 240 ክሬዲት ያለው ነው። በእነሱ አቆጣጠር አንድ ክሬዲት 10 የጥናት ሰዓት ስለሆነ ድምሩ 2400 ሰዓት ይመጣል። በሕፃናት መስክ ብዙ ጊዜ የሚመዘገቡት መዋያ ወይም ኬጂ ውስጥ ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ወይም አንድ ምሽት ኮሌጅ ይገባሉ፤ የሚጻፈው፣ የሚመረመረው፣ የሚመዘነው ነገር በአብዛኛው ከራሳቸው መዋያ ይመነጫል። ከዚያ 120 ክሬዲት ሲጨምሩበት ሙሉ የባችለር ዲግሪ ይሆናል።

ጅማ ላይ በዚህ ስም ታፔላ የሰቀለ ኮሌጅ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። ሐሳቡ ግን ለከተማው እንግዳ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የጅማ ግብርና ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋህደው ሲመሠረት ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት የሚባለውን አካሄድ ከኢንስቲትዩቱ ወርሷል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌና ወረዳ ይወጣሉ፣ ችግር ያጠናሉ፣ ዕቅድ ያወጣሉ፣ የቻሉትን ሠርተው ሪፖርት ይጽፋሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ የሚጠይቁትን ተማሪዎች ያላስተናገደ የጅማ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። የኬጂ መምህርቷ ከእነሱ የምትለየው ማኅበረሰቡ ዘንድ ለመድረስ መኪና ስለማያስፈልጋት ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍት እዚያው ናት።

ክረምት፣ ማታ፣ ርቀት

ያሉት በሮች ሦስት ናቸው።

ለመምህራን የቆየው መንገድ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ክረምት ይፈጃል። ትልቁ ጥቅሙ አብረው የሚቀመጡት ሁሉ መምህራን መሆናቸው ነው፤ ከሰቃ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙ የመጣ ሰው ክፍሉ ውስጥ የገጠመውን ሲያወራ የመምህሩን ሌክቸር የሚያስንቅ ነገር ይሰማል። ድክመቱ ግን ስለ ሕፃናት የሚማሩት ሕፃናት በሌሉበት ወቅት መሆኑ ነው። ሐምሌ ላይ የተማሩትን መስከረም ላይ ካልሞከሩት በጥቅምት ይጠፋል። የገንዘቡም ጉዳይ አለ፦ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ለክረምቱ ወራት ደመወዝ አይከፍሉም፤ ክፍያ የሚጠየቅበት ጊዜና ደመወዝ የሚቆምበት ጊዜ ይገጣጠማል። ይህን ሰኔ ላይ ያወቀች ሰው ዘግይታለች።

የማታው ወይም የቅዳሜና እሁዱ ኤክስቴንሽን ለዚህ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል። ጠዋት ያየችውን ልጅ ማታ ክፍል ውስጥ ልትጠይቅበት ትችላለች፤ የተነገራትን ደግሞ በማግሥቱ ትሞክረዋለች። ዋጋው ድካም ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ደግሞ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቦሳ አዲስ ወይም ኮቺ የሚኖር ሰው ከመመዝገቡ በፊት የማታውን ትራንስፖርት ወጪ ከትምህርት ክፍያው ጎን አብሮ ይደምር።

ርቀት ነፃነቱ ሰፊ ነው፤ ሞጁል ይሰጣል፣ አልፎ አልፎ ቱቶሪያል አለ፣ አሳይመንት ይገባል፣ ፈተና ይመጣል። አደጋውም የሚመጣው ከዚያው ከነፃነቱ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ «አሳይመንት እንሠራለን» የሚል ወረቀት ማየት ብርቅ አይደለም፤ አሁን ደግሞ ስልክ ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም ተጨምሯል። ከሥራ ጋር ለሚያያዝ ትምህርት እንዲህ ያለ ግዢ ዋናውን ነገር አውጥቶ መጣል ነው፤ የሚሸጠው ሰው የእርስዎን ክፍል አንድም ቀን አላየውም። የርቀት ትምህርት ጥራት መንግሥትንም አሳስቦት ያውቃል። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለጊዜው ታግዶ፣ የግል ተቋማትም የመምህርነትና የሕግ ትምህርት እንዳይሰጡ ተደርጎ ነበር። ደንቡ ከዚያ ወዲህ ስለተለዋወጠ ርቀትን የሚመርጥ ሰው ፈቃዱን ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ አለበት፤ ከታች እመለስበታለሁ።

የትኛውንም በር ቢመርጡ አንድ ስሌት መሥራት አይቀርም። በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ሥርዓተ ትምህርት ላይ ከኮርሱ ስም ጎን ክሬዲት አወርና ኢሲቲኤስ የሚባሉ ቁጥሮች ይጻፋሉ። የተለመደው ኮርስ 3 ክሬዲት አወር ወይም 5 ኢሲቲኤስ ነው። ኢሲቲኤስ ከአውሮፓ የመጣ መለኪያ ሲሆን አንዱ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የተማሪ ድካምን ይወክላል፤ ክፍል የተቀመጠችበት፣ ያነበበችበት፣ አሳይመንት የሠራችበት፣ ለፈተና ያጠናችበት ሁሉ ተደምሮ። ስለዚህ አንድ ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይፈልጋል። ሦስት ኮርስ በ16 ሳምንት ሴሚስተር ከተወሰደ በሳምንት ከ23 እስከ 28 ሰዓት ይሆናል። ቀኑን ከሕፃናት ጋር ውላ፣ ቤት ገብታ ራት አብስላ፣ የራሷን ልጆች አስተኝታ ይህን ያህል ሰዓት የምታገኝ ሴት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

መውጫው አንድም ኮርስ መቀነስ ነው፤ ሁለት ኮርስ ከሆነ በሳምንት ከ16 እስከ 19 ሰዓት ይወርዳል። አለበለዚያ ከእነዚያ ሰዓታት ከፊሉን ከሥራው ውስጥ ማውጣት ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ልጆችን እያየች የምትጽፈው ማስታወሻ፣ አንድ ጨዋታ ቀይራ የምትሞክርበት ግማሽ ሰዓት፣ ከወላጅ ጋር የምታደርገው ንግግር ለኮርሱ ከዋለ የጥናት ሰዓት ነው። በሥራ ላይ የተመሠረተ ዲግሪ የሚባለው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ክፍሉን ወደ ትምህርቱ ማስገባት

ልምድ ብቻውን ዲግሪ አይሆንም። ያልተጻፈ ልምድ ባለቤቱ እጅ ውስጥ ይቀራል፤ ሌላ ሰው ሊያየውም ሊሞግተውም አይችልም፣ ባለቤቱም ራሷ ቆይታ ልትመረምረው አትችልም። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ዴቪድ ኮልብ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ንድፍ ከልምድ መማርን በአራት እርከን ያዞረዋል። አንድ ነገር ይደርሳል፤ ሰው ቆም ብሎ ያየዋል፤ ለምን እንደሆነ ሐሳብ ያወጣል፤ ሐሳቡን ይሞክረዋል። ሙከራው ራሱ አዲስ ልምድ ሆኖ ዙሩ ይቀጥላል። ሥራ የበዛበት ሰው ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው ይዘላል። ልጁ መታ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀ።

እንበል አንድ የአራት ዓመት ልጅ በየጠዋቱ ሌሎችን ይገፋል። መምህርቷ ማስታወሻዋ ላይ «ዛሬም ረበሸ፤ ተንኮለኛ ልጅ ነው» ብላ ትጽፋለች። ይህ ፍርድ ነው፤ ከእሱ የሚማር ሰው የለም። በምልከታ የሠለጠነች ሰው እንዲህ ትጽፈዋለች፦ «ከጠዋቱ 2፡15። እናቱ ጥላው ወጣች። ቦርሳውን ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ። ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ወደ በሩ ስትመጣ በሁለት እጁ ገፋት። ስጠራው ወደ በሩ እንጂ ወደ እኔ አልዞረም። 2፡25 ላይ ኩቦቹ ጋ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልገፋም።» ሰዓቱ አለ፣ ቦታው አለ፣ ከፊቱና ከኋላው የሆነው አለ፤ ስድብ የለም።

ጥቂት ቀን እንዲህ ተጽፎ ጎን ለጎን ሲነበብ አንድ ነገር ብቅ ይላል፦ ልጁ የሚገፋው በሩ አጠገብ ብቻ ነው፣ ያውም እናቱ ከሄደች በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች። እናቱ የምትመለስበትን በር ማንም እንዲቆምበት አልፈለገም። የዚህን ጊዜ በሞጁሉ ውስጥ ለፈተና ይሸመደድ የነበረው ስለ ጆን ቦልቢና ስለ ሜሪ ኤይንስዎርዝ የሚያወራው ምዕራፍ፣ ሕፃን ከአሳዳጊው ጋር ስላለው ቁርኝትና ስለ መለየት ጭንቀት የሚለው፣ መልክ ያገኛል። ቀጥሎ የሚሞከረውም ከዚያው ይመጣል። እናቱ ልጇ ዘወር ሲል ተደብቃ ሹልክ ብላ የምትወጣ ከሆነ (እኛ ጋ «እንዳያለቅስ» ተብሎ በሰፊው የሚደረግ ነው) ተሰናብታው እንድትሄድ መንገር። ልጁን በእጅ ተቀብሎ አንድ ሥራ መስጠት፤ የጓደኞቹን ቦርሳ መስቀል ለምሳሌ። ከዚያ ሌላ ሳምንት መጻፍ። ካልሠራ አለመሥራቱም ይጻፋል፤ ለምን አልሠራም የሚለው ብዙ ጊዜ ከሠራው ይልቅ ጥሩ ገጽ ያወጣል። ከዚህ ከአንድ ልጅ ብቻ ለዕድገት ሥነ ልቦና፣ ለባሕርይ አያያዝና ለወላጆች ግንኙነት ኮርሶች የሚሆን ነገር ይገኛል። ሦስት አሳይመንት ለየብቻ ከመፍጠር አንድን ልጅ በሦስት በኩል ማየት ይቀላል።

ሌላው የበለጸገ ምንጭ ጨዋታ ነው፤ ከጨዋታም ዕቃ ዕቃ። የጅማ ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ቡና አይቀርም። ጠጠር ክዳን ላይ ይቆላል፣ አንዷ ጭሱን ለእንግዶች ታዞራለች፣ ሌላው ቄጠማ ብሎ ሣር ይነሰንሳል፣ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። መምህርቷ የሕፃናትን ጨዋታ ያጠናችው ሚልድረድ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1932 የጻፈችውን የጨዋታ ደረጃ በእጇ ይዛ ብትመለከት ትንንሾቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አፈር ሲቀዱ፣ ትልልቆቹ ደግሞ «አንቺ እናት፣ አንተ እንግዳ» ብለው ድርሻ ሲከፋፈሉ ታያለች። የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕድሜውና ከዕለት ተዕለት ጠባዩ በላይ ይሠራል ያለውን ደግሞ ለማየት «እንግዳ» የሆነችውን ልጅ መመልከት ይበቃል። በመደበኛው ሰዓት ሁለት ደቂቃ መቀመጥ የማትችለው ልጅ ሲኒዋን ይዛ፣ አንገቷን አቀርቅራ፣ ቡናው እስኪያልቅ ትቀመጣለች፤ እንግዳ እንደዚያ ነዋ። አምስት እንግዳ መጥቶ አራት ሲኒ ካለስ? ያን ጊዜ ልጆቹ የሚያደርጉትን ቃል በቃል የጻፈች መምህርት ለሒሳብ ኮርሷ ከየትኛውም መጽሐፍ የተሻለ ምሳሌ አላት። ለወላጅም ይጠቅማታል። «ሲጫወት ብቻ ነው የሚውለው፣ ለምን የቤት ሥራ አትሰጪውም?» ለሚል አባት የምታሳየው ገጽ ይኖራታል።

ሞጁሉ ላይ የተጻፈ ሁሉ ግን ለክፍላችሁ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ለዚህ ማስረጃው እዚሁ ጅማ ላይ አለ። የሕፃናትን ዕድገት ለመመርመር በዓለም ዙሪያ በስፋት ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ ዴንቨር 2 የሚባለው አሜሪካ የተዘጋጀ፣ 125 መለኪያዎች ያሉት ቅጽ ነው። ተመራማሪዎች ጅማ ላይ ላሉ ሕፃናት እንዲሆን ሲያስተካክሉት ከመለኪያዎቹ ከሩብ በላይ የሚሆኑትን መለወጥ አስፈልጓቸዋል፤ በዋናነት የማኅበራዊ ግንኙነትና የቋንቋ የሆኑትን። የተስተካከለው ቅጽ ዴንቨር 2-ጅማ ይባላል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የኬጂ መምህርት ቅጽ አስተካክላ እንድታሳትም የሚጠብቅ የለም። ሞጁሉ «በሦስት ዓመት ይህን ያደርጋል» ሲላት ግን የማን ልጅ፣ የት ያደገ ልጅ ብላ የመጠየቅ መብት አላት፤ በእጁ እየበላ ያደገ ልጅ በሹካ አያያዝ አይመዘንም። እንዲህ ያለ ጥያቄ አሳይመንት ላይ ሲገባ ጥሩ መምህር ደስ ይለዋል።

ቋንቋም እንዲሁ ነው። አንድ የጅማ ክፍል ውስጥ ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር፣ አማርኛ የሚናገር፣ ከዳውሮ፣ ከከፋ ወይም ከየም ቤተሰብ የመጣ ልጅ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ክፍሉ በማያውቀው ቋንቋ የሚመራ ልጅ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን ዝም ሊል ይችላል፤ ሁለተኛ ቋንቋ በሚለምዱ ልጆች ላይ የታወቀ ነገር ነው። «ይህ ልጅ ችግር አለበት» ከመባሉ በፊት መታየት ያለበት በምልክትና በአካሉ ከሌሎች ጋር ይጫወታል ወይ፣ የተነገረውን እየገባው ያደርጋል ወይ፣ እቤቱስ ያወራል ወይ የሚለው ነው። የመጨረሻውን የምታውቀው እናቱ ናት፤ እሷን መጠየቅ አምስት ደቂቃ ነው። እቤቱም የማያወራ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነውና ወደ ጤና ባለሙያ መላክ ይገባል።

የተጻፈው ሰው ነው

ይህ ሁሉ መጻፍ አንድ አደጋ አለው፦ የሚጻፈው የሰው ልጅ ነው፣ ያውም እምቢ ማለት የማይችል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ ማናቸውም እርምጃ የሕፃኑ ደህንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል፤ በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማትም ሕፃናት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። ስለዚህ አሳይመንት ላይ የልጅ ስም አይጻፍም፤ ትምህርት ቤቱም ተለይቶ እንዲታወቅ አይደረግም። የክፍል ጓደኞች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የልጆች ፎቶ አይለቀቅም፣ «ለማሳያ ነው» ቢባልም። ወላጅ በቀላል አማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ምን እንደሚጻፍና ለምን እንደሚጻፍ ሊነገረው ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ስውር ነገር አለ። ልጇን በእጃችሁ ያስቀመጠች እናት ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ይከብዳታል፤ ስለዚህ ባትፈቅድ ልጇ ላይ ምንም እንደማይለወጥ እናንተ ራሳችሁ ቀድማችሁ ንገሯት።

ከሁሉ የሚከብደው በማስታወሻው ውስጥ መታየት የሌለበት ነገር ሲታይ ነው። የሥራ ባልደረባ በአርጩሜ ስትመታ፣ ወይም የልጅ ገላ ላይ መውደቅ የማያመጣው ዓይነት ቁስል ሲገኝ፣ ያ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አሳይመንት መሆኑ ይቀራል። ወደ ርዕሰ መምህር፣ እንደ ነገሩ ክብደትም ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ የሚሄድ ጉዳይ ነው። ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ተቀምጦ ሪፖርት ላይ አያምርም። ባልደረባን ማስቀየም ከባድ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው እየዋሉ፣ አንድ ዕቁብ እየጣሉ። ልጁ ግን ሌላ የሚናገርለት ላይኖረው ይችላል።

ርዕሰ መምህሯን ምን እንጠይቅ

ብዙዎች አሠሪያቸውን የሚጠይቁት ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ስለሌለ ንግግሩ እዚያው ያልቃል። ጊዜ መጠየቅ ይሻላል። ኮርስ ባለበት ቀን ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ መውጣት፣ ልጆች በሚተኙበት ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ደብተር ይዞ መቀመጥ፣ ለተግባር ልምምድ ሲፈለግ ሌላ የዕድሜ ክፍል ገብቶ ማየት፣ የትብብር ደብዳቤ። «እትዬ፣ የምጽፈውን ለሌሎቹም መምህራን ቅዳሜ ስብሰባ ላይ አካፍላለሁ» ማለት ከልመና ወደ ልውውጥ ያመጣዋል። የጥቅምትና የኅዳር ወራት የቡና ለቀማ ሲበረታ ልጆች የሚቀሩበት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ሌላ ክፍል ለማየት የተሻለው ጊዜ ያ ሊሆን ይችላል።

በሕግ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትምህርት ፈቃድ አሰጣጡን ለኅብረት ስምምነት ወይም ለሥራ ደንብ ትቶታል። እንግዲህ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ያለች ሰው መጀመሪያ የምታነበው የትምህርት ቤቱን የሥራ ደንብ ነው። አሠሪው የትምህርት ክፍያ ከሸፈነ ብዙ ጊዜ «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» የሚል ውል ያስፈርማል። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ዓመቱ ስንት እንደሆነና ሥራ ቢለቀቅ የሚመለሰው ሙሉ ክፍያው ይሁን ቀሪው ብቻ ሳያነቡ መፈረም ግን አይገባም።

ከመክፈል በፊት

የግል ኮሌጅ ከሆነ ዕውቅና የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዕውቅናው የሚሰጠው በየትምህርት መስኩ፣ በየካምፓሱና በየአሰጣጥ ዓይነቱ ነው፤ የሚያበቃበት ቀንም አለው። አዲስ አበባ ላይ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ የጅማ ቅርንጫፉ ላይኖረው ይችላል፤ በመደበኛ ያገኘው ፈቃድም ለርቀት አይሠራለትም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ጠጋ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፦ መስኩ የተጠየቀው ነው? ካምፓሱ ጅማ ይላል? ቀኑ አላለፈም? ጥርጣሬ ካለ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይቻላል። የመግቢያ መስፈርቱ 12ኛ ክፍል በተፈተናችሁበት ዓመት ነጥብ ይወሰናል፤ በዲፕሎማ የምትገቡ ደግሞ የብቃት ምዘና ማስረጃ ወይም ተጨማሪ መስፈርት ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ዲፕሎማ ከሰጣችሁ ኮሌጅ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማስላክ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ሬጅስትራሩ ቀን እስኪቆርጥ አትጠብቁ።

መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትም በግልም፣ በመደበኛም በኤክስቴንሽንም በርቀትም የባችለር ዲግሪ ተማሪ የሆነ ሁሉ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ሳያልፉ ዲግሪው አይሰጥም፣ የወደቀ ደግሞ ድጋሚ መፈተን ይችላል። ጥያቄዎቹ በየዓመቱ ከተወሰዱ ዋና ዋና የመስኩ ኮርሶች ስለሚመጡ አሳይመንት ገዝቶ ያለፈ ሰው ሂሳቡን የሚያወራርደው እዚህ ነው። ፓርተንን በቡና ጨዋታው፣ ቦልቢን በበሩ አጠገብ በቆመው ልጅ ያስታወሰች መምህርት ለክለሳ ብዙ ሌሊት አያስፈልጋትም። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒውተር ስለሆነ ማውስ ይዛ የማታውቅ ሰው ኢንተርኔት ቤት ገብታ ከወር በፊት ጀምራ መለማመድ አለባት፤ ጥያቄውን እያወቀች ስክሪኑ ላይ ስትደናበር ሰዓት እንዳያልፍባት።